ዴንቨር ዙሪያ ሰፈር ለመምረጥ፦ የአንድ የኤርፖርት ሾፌር ምክር

ዴንቨር አካባቢ ቤት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ካሰባችሁ፣ ስልክ ላይ የቤት ፎቶ ማየቱን ለጊዜው ተዉትና አንድ ወረቀት አውጡ። ከሰኞ እስከ እሑድ የት የት እንደምትሄዱ ጻፉ። ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የሐበሻ ሱቅ፣ ሁለተኛ ሥራ ካለ እሱ፣ እናትን ሐኪም ቤት ማድረስ። ከጎኑ ሰዓቱን ጻፉ። ሰባት ማይል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ምንም አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሰው ያስረጃል። (ሰዓት የምቆጥረው በእኛው ነው፤ ልማድ አይለቅም።)

እኔ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ሎን ትሪም፣ አርቫዳም፣ ቶርንተንም፣ ጎልደንም ደጃፍ ላይ ሻንጣ አውርጃለሁ። ሰፈሮቹን የማውቃቸው በመንገዳቸው፣ በስኖዋቸውና ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ሰው ምሬት ነው። ከቨርጂኒያም ሆነ ከአዲስ አበባ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እስቲ እሱን ጠይቀው» ተብሎ ወደ እኔ ይላካል። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ አቅጣጫ። ዴንቨር ላይ መጥፋት ይከብዳል፤ ተራራው ሁልጊዜ በምዕራብ ነው። ወደ ምሥራቅ ሜዳ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። ከተማዋ በ2020 ቆጠራ 715 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። ዙሪያዋን ያሉት ሰበርቦች (ዳር ዳር ያሉ ከተሞች) ግን ክፍለ ከተማዎቿ አይደሉም። አብዛኞቹ የራሳቸው ከንቲባ፣ የራሳቸው ፖሊስ፣ የራሳቸው ግብር አላቸው። ይህ ወደ ኋላ ዋጋ ያስከፍላችኋልና ያዙት። ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንዲያውም ቆላ ወረድኩ ሊል ይችላል፤ ከቨርጂኒያ የመጣው ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ደረጃ ላይ ያለከልካል።

አሁን የቤት ደላላ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ ፀሐይ። እዚህ አገር በስኖው ወራትም ፀሐይ አይጠፋም። ከከተማው በምሥራቅ የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ወደ ምዕራብ ሲነዳ ፀሐይዋ ከኋላው ናት። ማታ ሲመለስም ከኋላው ናት። በምዕራብ፣ ሌክዉድ በሉት፣ የሚኖረው ግን ጠዋትም ማታም ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። መኪናው ሁሉ በፀሐይ ብቻ ምክንያት ይንፏቀቃል። እኔ በመንዳት የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይህ አንዱ ነገር ብቻ ወደ ምሥራቅ አድልቶኛል።

የሥራ ቦታችሁ ከየት ነው?

የእኛን ሰው ሳደርስና ስመልስ አራት ቦታ ይደጋገምብኛል። ኤርፖርቱና አካባቢው ያሉት ሆቴሎች፣ አንሹትስ ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በአይ-25 አውራ ጎዳና ዳር በደቡብ በኩል ያለው ቴክ ሴንተር የሚሉት የቢሮዎች ሰፈር፣ እና በአይ-70 ዳር የተደረደሩት መጋዘኖች። ኤርፖርቱ ከዳውንታውን በሰሜን ምሥራቅ 25 ማይል ያህል ይርቃል። አንሹትስ አውሮራ ውስጥ ነው፣ ኮልፋክስ ጎዳናና አይ-225 የሚገናኙበት ጋ። ቴክ ሴንተር ግሪንዉድ ቪሌጅ አካባቢ ነው።

ባልና ሚስት አንዱ ኤርፖርት፣ አንዱ ቴክ ሴንተር ከሆኑ ካርታው ራሱ ይመልስላቸዋል። አይ-225 ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ መንገድ ስለሆነ እሱን ተከትሎ አውሮራ ውስጥ መፈለግ ነው። ባልየው ቶርንተን ቤት ወዶ ሚስትየዋ ቴክ ሴንተር የምትሠራ ከሆነ ግን በየጠዋቱ አይ-25ን ይዛ ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቃ ማለፍ አለባት። እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቁርሳቸውን መኪና ውስጥ ይበላሉ፣ ጸሎታቸውንም እዚያው ያደርሳሉ።

ከምሥራቅ በኩል ከተማውን ግማሽ ዙር የሚዞር ኢ-470 የሚባል መንገድ አለ። ፈጣን ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን ይከፈልበታል። መቆሚያ የለውም፤ ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳና ሂሳቡ ቤት ይመጣል። የቶል መሣሪያውን መኪናችሁ ላይ ካልለጠፋችሁ ደግሞ ይወደዳል። ፓርከር ቤት ገዝቶ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው የወሩን ቶል ከሞርጌጁ ጋር አብሮ ይደምር። «ቤቱ ረከሰልን» ብለው መንገዱን የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

መኪና ገና ላልገዛ ሰው ባቡር አለ። ከዳውንታውን ዩኒየን ስቴሽን ኤርፖርት የሚወስደው ኤ ላይን 2016 ላይ ሥራ ጀመረ፤ 37 ደቂቃ ይፈጃል። አር ላይን ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በአንሹትስ ጎን አልፎ በአይ-225 ዳር ወደ ደቡብ ይወርዳል። አይሊፍና ናይን ማይል ጣቢያዎች አካባቢ አፓርትመንት መከራየት ለጀማሪ ጥሩ ነው። ግን ሌሊት ሺፍት ካላችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከሺፍታችሁ ጋር ሳታመሳክሩ ውል አትፈርሙ።

ዙሪያውን እንዞር

ሰሜን። ቶርንተን፣ ዌስትሚንስተርና ብሩምፊልድ ለዳውንታውንና ለቦልደር ሠራተኛ ይመቻሉ። ቶርንተን 2020 ላይ ባቡር ደርሶታል። ኮመርስ ሲቲ ሁለት አገር ነው፤ ደቡቡ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ አለ፣ ሰሜኑ ላይ አዳዲስ ቤቶች። ለኤርፖርት ሠራተኛ ሰሜኑ ቅርብ ነው። ግን ቤት ስታዩ አንድ ግማሽ ሰዓት ደጅ ቆማችሁ አውሮፕላኑን ስሙት።

ሰሜን ምዕራብ። አርቫዳ ደስ የሚል አሮጌ መሃል ከተማ አለው፣ ባቡርም ከ2019 ጀምሮ ይደርሳል። ከአርቫዳ ወደ ቦልደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሮኪ ፍላትስ አለ። ከ1952 ጀምሮ ለኑክሌር ቦምብ የሚሆን የፕሉቶኒየም ክፍል ይሠራበት የነበረ ፋብሪካ ነው። 1989 ላይ ኤፍቢአይ በወንጀል ምርመራ ከበረበረው በኋላ ሥራው ቆመ። ቦታው ጸድቶ በፋብሪካው ዙሪያ ያለው መሬት ዛሬ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፣ ሰውም ይንሸራሸርበታል። አጠገቡ አዲስ ቤት ስታዩ ታሪኩን አንብባችሁ ራሳችሁ ወስኑ። ሱፒሪየርና ልዊቪል ደግሞ ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 በፈረንጅ አቆጣጠር የሆነውን ማንም አይረሳውም። የደረቀ ሣር ላይ የተነሳ እሳት በኃይለኛ ነፋስ ተገፍቶ በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤት በላ። ጫካ ውስጥ ያለ ቤት አልነበረም፤ እንደማንኛውም ሰበርብ አጥር ለአጥር የተሠራ ነበር። ከዚያ የወሰድኩት ትምህርት ኢንሹራንስ ሲገዛ ቤቱ የሚሸጥበትን ዋጋ ሳይሆን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀውን ጠይቆ መግዛት ነው።

ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ። ሌክዉድ፣ ጎልደን፣ ሊትልተን። ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው እዚህ ይኑር። ቅዳሜ ጠዋት አይ-70 ወደ ተራራው ሳይዘጋ ቀድሞ ይወጣል። የእኛ ሰው ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ሠርግ ወይም ሥራ ላይ ስለሆነ ለተራራ ብሎ ርቆ መኖሩ አይገባኝም፤ ልጆቻችሁ ግን ሊከራከሯችሁ ይችላሉ።

ደቡብ። ሴንቴኒያል 2001 ላይ ነው ከተማ የሆነችው፤ ጸጥ ያለች፣ ለቴክ ሴንተር የቀረበች ናት። ሃይላንድስ ራንች ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፣ ግን ከተማ አይደለም፣ ከንቲባ የለውም፤ በዳግላስ ካውንቲ ሥር ነው። ፓርከርና ካስል ሮክ ቤታቸው ሰፊ፣ ሰማያቸው ሰፊ ነው። ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሚወጣው ፓልመር ዲቫይድ የሚሉት ከፍታ ተዳፋት ላይ ስለሆኑ ዴንቨር ዝናብ ሲዘንብ እዚያ ስኖው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አውሮራ አስፋልቱ ደርቆ ትቼው ካስል ሮክ ስደርስ አካፋ የያዘ ሰው አገኛለሁ።

ምሥራቅ። እዚህ ያለው አውሮራ ነው። እሱን ወደ ኋላ ለብቻው እመጣበታለሁ።

አድራሻው ያታልላል

ፖስታው ላይ «አውሮራ» ስላለ ቤቱ አውሮራ ከተማ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ሴንቴኒያል ውስጥ ሆነው አውሮራ ተብለው ፖስታ የሚደርሳቸው ቤቶች ሞልተዋል። ሃይላንድስ ራንችም ፖስታው ብዙ ጊዜ ሊትልተን ይላል። ፓርከር የሚባለው ቤት ከከተማው ክልል ውጭ ካውንቲ ሊሆን ይችላል። ምን አገባን አትበሉ። 911 ስትደውሉ የሚመጣው የከተማ ፖሊስ ወይስ ሸሪፍ፣ ስኖውን ማን እንደሚጠርግ፣ መኪና ስትገዙ የምትከፍሉት የሽያጭ ታክስ፣ ሁሉም በዚህ ይወሰናል። የካውንቲው አሰሰር (ቤት ለግብር የሚገምተው ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገቡ፤ በነጻ ያሳያችኋል።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። አውሮራ ውስጥ ሁለት ዋና የትምህርት አስተዳደሮች አሉ፤ አውሮራ ፐብሊክ ስኩልስ እና ቼሪ ክሪክ። በጥቅሉ ሰሜኑ የመጀመሪያው፣ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁ የሁለተኛው ነው። ድንበሩ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። የአንድ መንገድ ልዩነት ልጃችሁን ሌላ አስተዳደር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። የቤቱ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። በአስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ፈልጉ፣ ካልሆነም ደውሉ።

ኮሎራዶ ውስጥ ሕጉ ልጅን ከሰፈር ውጭ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማመልከት ይፈቅዳል፤ ቦታ ካለ ይቀበሉታል። ስለዚህ «ለትምህርት ቤቱ ብለን» በአቅማችን ላይ ሌላ መቶ ሺህ ከመጨመር በፊት ይህን መንገድ እዩ። ማመልከቻው በአብዛኛው በስኖው ወራት ነው የሚከፈተው፣ ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት። አውቶቡስ ግን አይመጣላችሁም፤ ማድረስና መመለስ የእናንተ ነው። እዚያ ወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ።

ድረ ገጾች ለትምህርት ቤት ከአሥር የሚሰጡትን ቁጥር እኔ ብዙም አልወደውም። ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ የወላጆቹን ገቢ ነው። ይልቅ ሄዳችሁ «ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ ስንት ሰዓት የእንግሊዝኛ ድጋፍ ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመለሰላችሁን ሰው ፊት እዩ።

አዲስ ቤት፣ አዲስ ግብር

ይህንን ክፍል ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ኮሎራዶ ውስጥ የቤት ግብር ከብዙ ስቴቶች ዝቅተኛ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ሜትሮ ዲስትሪክት የሚባል ነገር አለ። ገንቢው ሜዳ ላይ መንገድ፣ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ መናፈሻ ሲዘረጋ ገንዘቡን በቦንድ ይበደራል። ብድሩን ለብዙ ዓመታት በግብር የሚከፍለው ቤቱን የገዛው ሰው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የቤቱ የገበያ ዋጋ በሙሉ አይገበርበትም፤ ከ6 እስከ 7 በመቶ አካባቢው ብቻ ነው የሚያዘው። በዚያ ላይ ሚል የሚባል መለኪያ ይባዛል፤ አንድ ሚል ከ1,000 ዶላር ላይ አንድ ዶላር ነው። ለምሳሌ ቤቱ 500,000 ዶላር ቢሆንና 6.5 በመቶው ቢያዝ 32,500 ይሆናል። ሜትሮ ዲስትሪክቱ 60 ሚል ቢጨምር በዓመት 1,950 ዶላር፣ በወር 160 ዶላር ያህል ከሌላው ግብር በላይ ነው። ሞዴል ቤቱ ውስጥ ኩኪ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ይህን በቅድሚያ አያነሳውም። ጠይቁ፦ «ሜትሮ ዲስትሪክት አለ? ጠቅላላው ሚል ስንት ነው? ቦንዱ ስንት ዓመት ይቀረዋል?» መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። ገና ግማሽ ዓመት የሆነው ቤት ላይ ያለፈውን ዓመት ግብር ብታዩ አትታለሉ፤ ያ የባዶ መሬቱ ግብር ነው። ካውንቲዎች ቤት የሚገምቱት በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነው፤ ዘንድሮ የምታዩት ቁጥር ለከርሞ ሊለወጥ ይችላል።

ከዚያ በላይ ኤችኦኤ አለ፣ የሰፈሩ ማኅበር። ክፍያው ብቻ ሳይሆን ደንቡ ነው ነገሩ። የትራክ ሾፌር ከሆናችሁ የትራኩን ጭንቅላት ቤት ደጅ ማቆም አብዛኞቹ ይከለክላሉ። አንዳንዶቹ የሊሞና የታክሲ ጽሑፍ ያለበትን መኪናም አይወዱም። ታውንሃውስ ከሆነ የእንግዳ ማቆሚያው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ለቅሶ ቢመጣባችሁ፣ እግዚአብሔር አያምጣው፣ በአንድ ምሽት ስድሳ መኪና ሰፈሩን ይሞላል። መኪናቸው ተጎትቶ ለቅሶኛው ሌላ ልቅሶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ክርስትናና ምርቃትም እንደዚያው ነው። ደንቡን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቃችሁ አንብቡ፤ የመኪና ማቆሚያውን ገጽ ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ስኖው፣ በረዶና መሬቱ

ድራይቭዌዩ (የመኪና መግቢያው) ወደ የት ያያል? ወደ ደቡብ ካየ ስኖው በጣለ ማግስት እስከ ቀትር ይቀልጥላችኋል። ወደ ሰሜን ካየ የቤቱ ጥላ ይሸፍነውና በረዶ ሆኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። አንድ መንገድ ላይ ወዲህና ወዲያ የተተከሉ ሁለት ቤቶች ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ቤት ግን ጨውና አካፋ አይፈልግም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ለሚወጣ ሰው ይህ ከግራናይት ኩሽና ይበልጣል።

ከሰማይ ጠጠር ሆኖ የሚወርደው በረዶ ሌላ ጉድ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ግንቦት 8 ቀን 2017 በፈረንጅ የወረደው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የኢንሹራንስ ኪሳራ አድርሷል። ሌክዉድ ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ጣሪያው ተበሳስቶ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ምሥራቁም ምዕራቡም አይድንም። ስለዚህ ጋራዥ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ መኪናው እንጀራው ለሆነ ሰው የግድ ነው። የቤት ኢንሹራንስ ስትገዙ ለበረዶ ያለውን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን) ለብቻው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ 500,000 ላይ ግን 10,000 ዶላር ነው። ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ በረዶ የሚቋቋም ዓይነት መሆኑን ጠይቁ፤ ቅናሽ ያስገኛል።

መሬቱን በአጭሩ። ብዙ ቦታ አፈሩ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ በተለይ በተራራው ግርጌና በደቡብ ሰበርቦች። ቤዝመንቱ ወለል ላይ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር ካያችሁ መሐንዲስ ጥሩ። ራዶን የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ከመሬት ይወጣል፤ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቤት ከሚመከረው መጠን በላይ አለው። ምርመራው ርካሽ ነው። በሊትር አየር ከ4 ፒኮኩሪ (የራዶን መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ ቱቦና ማራገቢያ ይገባል፣ ያንንም ሻጩ እንዲከፍል ተደራደሩ። ቤዝመንት ውስጥ ዘመድ የምታሳድሩ ከሆነ ይህን እንዳትዘሉት።

እናታችሁ ከመጣች

ሰው ሰፈር ሲመርጥ ለልጆቹ ያስባል። እናቱን ይረሳል። ከዚያ እናት ከአገር ቤት ትመጣለች፣ ልጅ ልትጠብቅ።

በየጊዜው የማደርሳቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ራቅ ብሎ በደቡብ በኩል የሚያምር ቤት ገዝቷል። አራት መኝታ፣ ሦስት ደረጃ፣ ከመስኮቱ ተራራ የሚታይ። ሴትየዋ መኪና አይነዱም። በእግር የሚደረስ ሱቅ የለም። አውቶቡስ የለም። ጎረቤቶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እጃቸውን ያወዛውዙላቸዋል፣ ጋራዡ ይዘጋል። ልጅና ምራት ለሥራ ሲወጡ እስከ ማታ ድረስ ከሕፃኑ ጋር ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «ልጄ፣ ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሰው ግን የት ነው የሚኖረው?» አሉኝ።

ስለዚህ እናት ወይም አባት የሚመጡባችሁ ከሆነ እነዚህን ፈትሹ። ቤዝመንት ሳይወረድ፣ ፎቅ ሳይወጣ መኝታና መታጠቢያ አለ? አንድ ፎቅ ብቻ ያላቸው፣ ራንች የሚሏቸው አሮጌ ቤቶች ለዚህ ጥሩ ናቸው። የእግረኛ መንገዱ ሳይቋረጥ አንድ ቦታ ያደርሳል? ሌላ የሐበሻ እናት በእግር ርቀት አለች? ይህን ካርታ አይነግራችሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹን «የት ነው የምትኖሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጾምና ለበዓል ማኅሌት ሌሊት የሚሄዱ ከሆነም ያንን መንገድ በዚያ ሰዓት ንዱት።

እኔ የምመርጠው

ደቡብ ምሥራቅ አውሮራ። በአይሊፍና በስሞኪ ሂል መካከል፣ ከቻምበርስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ እስከ ታወር ድረስ። ከ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ፊት ለፊታቸው አያምርም፣ ልክ ነው። ግን ዛፍ አላቸው፣ ግቢ አላቸው፣ አብዛኞቹ ሜትሮ ዲስትሪክት የለባቸውም። ብዙው ቦታ ቼሪ ክሪክ ትምህርት አስተዳደር ውስጥ ነው። አንሹትስ ቅርብ፣ ቴክ ሴንተር ቅርብ፣ ኤርፖርት ያለ ቶል ይደረሳል። እንጀራ፣ በርበሬና ሥጋ ለመግዛት ሀቫና ጎዳና ድረስ ብቅ ማለት ነው። ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክም አለ፣ ሐይቁ ዳር ልደት የምናከብርበት።

«አውሮራማ…» ብለው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ። በ2024ቱ የምርጫ ሰሞን ስሟ ከወንጀል ጋር በቴሌቪዥን ሲነሳ ከአዲስ አበባ «ደህና ናችሁ ወይ?» ብለው ደውለውልናል። ከተማዋ ከ150 ስኩዌር ማይል በላይ ነው ስፋቷ፣ 2020 ላይ 386 ሺህ ሰው ነበራት። በጥቂት አፓርትመንቶች የሆነን ነገር ይዞ ስለ ሁሉም መናገር አይቻልም። የምታስቡትን መንገድ ብቻ ለይታችሁ የፖሊስን የወንጀል ካርታ እዩ። ለነገሩ አዳማ የአውሮራ እህት ከተማ ናት፣ አክሱም ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የዴንቨር። ይህ የቤት ዋጋ አይቀንስም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የጻፍኩት።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ባክሊ የጦር ሰፈር ቅርብ ነው፤ ኤፍ-16 ሲነሳ የስልክ ወሬ ይቋረጣል። ቤቶቹ አሮጌ ስለሆኑ የፍሳሽ ቱቦውን ከቤት እስከ መንገድ በካሜራ አስፈትሹ። የዛፍ ሥር ገብቶበት ከሆነ ቁፋሮው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ባለሙያ ይየው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ከሆነ ሽቦው አሉሚኒየም እንዳይሆን አስጠይቁ።

ከመፈረም በፊት

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ በምትገቡበት ሰዓት ከቤቱ ደጃፍ ተነስታችሁ እስከ ሥራ ንዱ። ማታም ተመለሱ። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና አቁማችሁ መስኮት ከፍታችሁ ተቀመጡ፤ ሙዚቃ፣ ውሻ፣ የመኪና እሽቅድምድም ሁሉ ያን ሰዓት ይሰማል። ስኖው በጣለ ማግስት አንዴ እለፉ፤ የትኛው መንገድ እንደተጠረገ ታያላችሁ። የመኪና ኢንሹራንሳችሁን በአዲሱ ዚፕ ኮድ አስገምቱ፣ ይለያያል።

ከዚያ ግቢውን የሚያጠጣ ወይም ደጁን የሚጠርግ ሰው ፈልጋችሁ ሰላም በሉ። ሦስት ነገር ጠይቁት። ጣሪያህን መቼ ቀየርክ? የሐምሌ የውኃ ሂሳብህ ስንት መጣ? ኤችኦኤው ደብዳቤ ያበዛል ወይ? በመጀመሪያው ስለ በረዶው፣ በሁለተኛው ስለ ሣሩ ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ከጠየቃችሁት ግን ቶሎ አይለቃችሁም፤ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።